በሰዓቱ የሚደርስ ጉልበት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሐሙስ የስፖርት ቡድንን ወክላ የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ ያቀረበችው ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። እንደምታውቁት ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ብረት እናነሳለን። ሰኞ ከባድ እናነሳለን። ሐሙስ ደግሞ ቀለል ያለ ክብደት ይዘን በፍጥነት እናነሳለን። ዛሬ ጉባኤው የመጪውን ግማሽ ዓመት የስፖርት ክፍል በጀት ይወስናል። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የሐሙሱ ይቅርና ገንዘቡ በሙሉ ለከባድ ክብደቶች መግዣ ይዋል የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት እህቶቻችን ምክንያት አላቸው። "ጠንካራ የሚኮነው ከባድ በማንሳት ነው፤ ግማሹን ክብደት ይዞ ብድግ ቁጭ ማለት ምን ይጨምራል?" ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የለጋሾቻችንና የአባሎቻችን መዋጮ የሚወጣበት ነገር ሁሉ ሊጠየቅ ይገባል። ስለዚህ እኛ የሐሙስ ቡድን አባላት ተሰብስበን መልሳችንን አዘጋጅተናል።

ነገሩን በምናውቀው በገንዘብ እንጀምር። ሁለት ሴቶች እኩል ገንዘብ አላቸው እንበል። አንደኛዋ ሁሉንም በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አድርጋዋለች። ሁለተኛዋ አብዛኛውን ባንክ አስቀምጣ የተወሰነውን በመቀነቷ ቋጥራለች። በእኩለ ሌሊት ልጅ ቢታመም በመዝገብ ላይ ሁለቱም እኩል ባለሀብት ናቸው፤ ታክሲ የምትጠራው ግን ሁለተኛዋ ናት። ጉልበትም እንደዚሁ ነው። ምን ያህል ጉልበት አለን የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ያ ጉልበት በተፈለገበት ቅጽበት ይደርሳል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሰኞ ገንዘቡን እናጠራቅማለን፤ ሐሙስ ቶሎ ማውጣትን እንለማመዳለን።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በጡንቻችን ውስጥ ያለ እውነት ነው። ጡንቻችን ከሁለት ዋና ዋና ዓይነት ክሮች የተሠራ ነው። አንዱ ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ቶሎ የማይደክም ነው፤ ለመቆም፣ ለመራመድ፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ፊት ለመዋል ያገለግላል። ሌላው ፈጣን፣ ጉልበቱ ትልቅ፣ ግን ቶሎ የሚደክም ነው። አንጎላችን ሥራ ሲያዝ በቅድሚያ የሚጠራው ዘገምተኞቹን ነው። ፈጣኖቹና ትልልቆቹ የሚጠሩት ሥራው በጣም ሲከብድ ወይም በጣም ሲቸኩል ነው። እንግዲህ እነሱን ለመቀስቀስ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው፤ አንዱ የሰኞ ነው፣ ሁለተኛው የሐሙስ ነው። በቀላል ክብደት ቀስ ብለን ጥቂት ጊዜ ብቻ ብናነሳ ግን ሁለቱንም አላደረግንም።

ጡንቻ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ወዲያው አያወጣም። ከትእዛዙ ጀምሮ እስከ ሙሉ ጉልበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሙሉ ፍጥነት የምትሮጥ አትሌት እግሯ መሬት የሚነካው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ለሚጠጋ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ያላትን ጉልበት በሙሉ ለማውጣት ጊዜ የላትም። የሚለያት በዚያች ቅጽበት ምን ያህሉን ማውጣት መቻሏ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ፍቀዱልን። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ጉልበት ማለት የዕቃው መጠን በፍጥነቱ አጨማመር ሲባዛ ነው። 40 ኪሎ ብረት ይዘን ዝም ብለን ብንቆም የምናወጣው ጉልበት 40 ኪሎ ለመሸከም የሚበቃ ነው። ያንኑ ብረት ከታች ስናስነሳ የፍጥነቱ አጨማመር የመሬት ስበትን ግማሽ የሚያህል ቢሆን ግን በዚያች ቅጽበት የምናወጣው ጉልበት 60 ኪሎ የመሸከም ያህል ነው። ብረቱ አልጨመረም፤ እኛ ግን ጨምረናል። ታዲያ ይህ ጭማሪ የሚገኘው በመነሻው ላይ ብቻ ነው። ብረቱ ወደ ላይ እየደረሰ ሲሄድ እጃችን እንዳያመልጥ እንይዘዋለን፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ፈጣን ልምምድ የሚሠሩ ሰዎች በብረቱ ጫፍ ላስቲክ ወይም ሰንሰለት የሚያስሩት። ብረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ላስቲኩ ይወጠራል፣ ሰንሰለቱም ከወለል እየለቀቀ ይከብዳል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መግፋት ግድ ይሆናል።

ይህን ዘዴ እኛ አልፈጠርነውም። በስፖርቱ ዓለም የታወቁ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ነው። ፍሬድ ሃትፊልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1987 በትከሻው 1,014 ፓውንድ፣ ማለትም 460 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ ቁጭ ብሎ ተነስቷል። ያኔ ዕድሜው በ40ዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ያስተምር የነበረው ነገር ቀላል ነው፤ ብረቱ በመንገዱ ላይ እየቀለለ ሲመጣ አትዝናኑ፣ ይልቁንም አፍጥኑት ይል ነበር።

ከእሱ በላይ ዘዴውን ያስፋፋው ደግሞ በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ዌስትሳይድ ባርቤል የሚባለውን ጂም ያቋቋመው ሉዊ ሲመንስ ነው። ሲመንስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የሶቪየት ኅብረት አሠልጣኞችን ጽሑፍ አንብቦ ሳምንቱን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል እስከ መጨረሻው አቅም የሚነሳበት ከባድ ቀን ነው። ሁለተኛው የፍጥነት ቀን ነው። በፍጥነቱ ቀን ስኳት ሲሠሩ ከሙሉ አቅማቸው 50 እስከ 60 በመቶ ገደማ ይጭኑና በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ ያነሳሉ፤ ዙሩ ግን 10 ወይም 12 ይሆናል። ቤንች ሲገፉ በየዙሩ ሦስት ጊዜ፣ 8 ወይም 9 ዙር ይሠራሉ። በዙሮቹ መካከል የሚያርፉት አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ነው። በከባዱና በፈጣኑ ቀን መካከል ደግሞ 72 ሰዓት ያህል ይተዋሉ። የእኛ ሰኞና ሐሙስ ከዚህ የመጣ ነው።

"ለምን ሁለት ሁለት ጊዜ? አንዴ 20 ጊዜ አንስቶ አይገላገሉም?" የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። 30 ኪሎ በአንድ ትንፋሽ 20 ጊዜ ብናነሳ ድምሩ 600 ኪሎ ነው። 30 ኪሎ ሁለት ሁለት ጊዜ በ10 ዙር ብናነሳም ድምሩ 600 ኪሎ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ድምሩ ከተስማማ መዝገቡ ተዘጋ። ለጡንቻ ግን አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ የመጨረሻዎቹ ማንሻዎች የደከሙና የተጎተቱ ናቸው፤ ድካምን መቻል ያስተምራሉ። በሁለተኛው መንገድ ሃያዎቹም ፈጣን ናቸው፤ ሃያ ጊዜ "ብድግ!" የሚል ትእዛዝ ተላልፏል፣ ሃያ ጊዜም በትክክለኛ አኳኋን ተነስቷል።

የክብደት ውድድር ሁለት ዓይነት እንዳለም እናስታውስ። አንዱ ፓወርሊፍቲንግ ይባላል፤ ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት ነው። ሌላው በኦሊምፒክ የምናየው፣ ብረቱ ከወለል ተነስቶ ከራስ በላይ የሚወጣበት ነው። ሁለተኛው ያለ ፍጥነት ጭራሽ አይቻልም፤ ብረቱ የሚሳበው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ሴቶች በዚህ ውድድር በኦሊምፒክ እንዲሳተፉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ነው። ያን ጊዜ ካርናም ማሌስዋሪ በ69 ኪሎ ምድብ ነሐስ አግኝታ ለህንድ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ሂዲሊን ዲያዝ በ55 ኪሎ ምድብ በድምሩ 224 ኪሎ አንስታ ለአገሯ ለፊሊፒንስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኝታለች። በኮሮና ጊዜ ማሌዥያ ውስጥ መንገድ ተዘግቶባት ጂም ባጣች ጊዜ በቀርከሃ እንጨት ጫፍና ጫፍ ትልልቅ የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥላ ትለማመድ ነበር። በጀሪካን የተጀመረውን የእኛን ክፍል የሚያፌዝበት ካለ ይህን ይንገሩልን።

የምርምር ሰዎችም የሚሉት አለ። የስፔን ተመራማሪዎች ሁለት ቡድን ወጣት ወንዶችን ለስድስት ሳምንት ቤንች አስገፍተዋል። የክብደቱ መጠንና የድግግሞሹ ብዛት እኩል ነበር። አንዱ ቡድን በቻለው ፍጥነት ሁሉ ገፋ፤ ሌላው ሆን ብሎ በግማሹ ፍጥነት ገፋ። በመጨረሻ በፍጥነት የገፋው ቡድን ያገኘው የጉልበት ጭማሪ የሌላውን ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል የተደረገ የካናዳ ጥናት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። የሚያሠለጥነው የብረቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ለማፍጠን ያለን ሐሳብና ጥረትም ነው። ስለዚህ ሰኞ ከባዱ ብረት በግድ እየተጎተተ ቢወጣም እኛ ግን የምንገፋው ሊበር እንደሚገባው አድርገን ነው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አለብን። ፈጣን ልምምድ ከባዱን አይተካም። የሌለ ገንዘብ ቶሎ አይወጣም። ከባድ ብረት ለማንሳት ዋናው መንገድ ከባድ ብረት ማንሳት ነው፤ የሐሙሱ አጋዥ ነው። አጋዥነቱም የሚታየው ብረቱ በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ስኳት ስንሠራ ከታች ተነስተን ጥቂት ስንሄድ፣ ቤንች ስንገፋ ከደረት ትንሽ ከፍ ሲል ብረቱ ሊቆም የሚፈልግበት ቦታ አለ። ከታች በፍጥነት የተነሳ ብረት ያንን ቦታ በግፊቱ ያልፈዋል፤ ቀስ ብሎ የደረሰ እዚያው ይቀራል። ከመካከላችን እንጀራ በመጋገር የምትተዳደር አንዲት እህታችን 55 ኪሎ ላይ ለወራት ቆማ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትቀረው እዚያችው ቦታ ላይ ነበር። ዘጠኝ ሐሙስ ከሠራች በኋላ 57.5 ኪሎ ይዛ ተነስታለች። የአንድ ሰው ነገር ማስረጃ እንደማይሆን እናውቃለን፤ ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ሰኞውም አለበት። እሷ ግን ሐሙስን እንደማትለቅ ተናግራለች።

እስካሁን ስለ ብረት ተናገርን። ለብዙዎቻችን ግን ትልቁ ጉዳይ ብረቱ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ደጃፋቸው ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው አንጓቸው ተሰብሯል። እኚህ እናት ጉልበት አጥተው አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዘው የሚያነሱ ነበሩ። ሦስት ወር ሳይሠሩ ቆዩ። ለሕክምናና ለቤት ወጪ ከመረዳጃ ሣጥናችን ተከፍሏል፤ መክፈላችንም ደስ ይለናል፣ ሣጥኑ ለዚህ ነውና። በሐሙስ ልምምድ ቢሳተፉ ኖሮ አይወድቁም ነበር ልንል አንችልም። ልንል የምንችለው ይህን ነው፦ እግር ሲያዳልጥ ሌላውን እግር ወደፊት አድርሶ ሰውነትን ለመያዝ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። በዕድሜ እየገፋን ስንሄድ ይበልጥ የሚሳሱት እነዚያ ፈጣኖቹ ክሮች ናቸው። በፍጥነት የማውጣት ችሎታችንም ከጠቅላላ ጉልበታችን ቀድሞና ፈጥኖ ይቀንሳል። እጃቸው ከባድ ዕቃ የሚያነሳ እናቶች ከወንበር ብድግ ማለት የሚያቅታቸው፣ ታክሲ ላይ ለመውጣት የሰው እጅ የሚሹት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የፍጥነት ልምምድ ለወጣቶቹ ብቻ የሚሆን ጌጥ አይደለም። ይልቁንም ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል።

ሐሙስ ምን እንደምንሠራ ላላያችሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውነታችን እስኪሞቅ አሥር ደቂቃ እንንቀሳቀሳለን። ስኳት ላይ ከሙሉ አቅማችን ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ እንጭናለን። 60 ኪሎ የምታነሳ እህት ሐሙስ የምትይዘው ከ30 እስከ 36 ኪሎ ነው። ስንወርድ ተቆጣጥረን፣ ስንነሳ በሙሉ ፍጥነት ነው። በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ ከስምንት እስከ አሥር ዙር። ከጎን የምትቆመው ጓደኛ የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ብረቱ ዘገየ ወይ? ከዘገየ ክብደት ይቀነሳል ወይም የዕለቱ ሥራ ያበቃል። ከዚያ አሮጌ ኳስ በአሸዋ ሞልተን የሠራነውን ከደረት ወደ ግድግዳ እንወረውራለን። ኳስ ስለሚለቀቅ እጅ ማብረድ አያስፈልገውም፤ ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ይወጣል። እናቶቻችን ደግሞ ብረት ሳይዙ ከወንበር በፍጥነት ብድግ ይላሉ፤ ሲቀመጡ ቀስ ብለው ነው፣ ዘፍ ማለት የለም። አምስት ጊዜ ይሠሩና ያርፋሉ። ወንበሩ ግድግዳ የተደገፈ ነው፤ አጠገባቸውም ሰው ይቆማል።

የምንጠብቃቸው ደንቦችም አሉን። አዲስ የመጣች እህት አኳኋኗ ሳይስተካከል ወደ ፍጥነት አትገባም፤ የተበላሸ አኳኋን ሲፈጥን ጉዳቱም ይፈጥናል። ዴድሊፍት ላይ ብረቱን ከወለል በድንገት መንጠቅ ክልክል ነው፤ መጀመሪያ ገመዱን እንደሚወጥር ሰው ሰውነታችንን እንወጥራለን፣ ከዚያ እናፈጥናለን። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት፣ አጥንቷ የሳሳ ወይም ስትዘል ሽንት የሚያስቸግራት እህት በቅድሚያ የጤና ባለሙያ ታማክራለች። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በክፍላችን በግልጽ እንነጋገርበታለን።

አሁን ወደ በጀቱ እንመለስ። እኛ ሰኞን የሚነካ ሐሳብ አላመጣንም። ከባዶቹ ክብደቶች ይገዙ፤ አብዛኛው ገንዘብም እዚያ ይዋል። የምንጠይቀው ትንሹ ክፍል ለሐሙስ እንዲቀር ነው። ዝርዝሩ ከበጀት ሰነዱ ጋር ተያይዟል፦ 1.25 እና 2.5 ኪሎ የሚመዝኑ ትንንሽ ዲስኮች፣ ሁለት ጥንድ ላስቲክ፣ የወለል ምንጣፍ፣ ሁለት ጠንካራ ወንበር። ትንንሾቹ ዲስኮች ለሰኞም ይሠራሉ፤ ከ55 ወደ 60 መዝለል የሚከብዳት እህት በእነሱ ደረጃ በደረጃ ትወጣለች። ለደጋፊዎቻችን ደግሞ የምንገባው ቃል አለ። የእያንዳንዷን ሐሙስ ክብደት፣ ዙርና የተገኘ ሰው በመዝገብ እንይዛለን፤ እናቶቻችን ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሳት የሚወስድባቸውን ጊዜም በወር አንድ ጊዜ በሰዓት ለክተን እንጽፋለን። ከስድስት ወር በኋላ መዝገቡን ይዘን እዚሁ እንቀርባለን። ለውጥ ካላሳየ ሐሙስ እንዲዘጋ ሐሳብ የምናቀርበው እኛው እንሆናለን።

ብዙዎቻችን ጀሪካን በጀርባችን፣ ልጅ በጎናችን፣ ዕቃ በራሳችን ተሸክመን ያደግን ነን። ጉልበት አላጣንም። ያጣነው በጉልበታችን ላይ ማዘዝን የምንለማመድበት ጊዜና ቦታ ነው። ሐሙስ ለሁለት ሰዓት ያ ቦታ አለን። እንዳይዘጋብን ድምፃችሁን እንጠይቃለን።